ኮርነርባክን እንዴት እንገምግም? የመሻሻሉና ለቡድኑ የመከላከል ሥርዓት ያለው ተስማሚነት መመዘኛ

በአሜሪካ ፉትቦል ኮርነርባክ የሚባለው ተከላካይ ሥራው በመጀመሪያ እይታ ቀላል ይመስላል፤ በሜዳው ጠርዝ በኩል ቆሞ የተጋጣሚን ኳስ ተቀባይ ይጠብቃል፣ ኳስ ሲመጣ ያጨናግፋል፣ ከቀናውም ይነጥቃል። ይህን ሥራ በትክክል መመዘን ግን በሜዳው ላይ ካሉት 22 ተጫዋቾች የየትኛውንም ሥራ ከመመዘን የከበደ ነው ለማለት እደፍራለሁ። ጥሩ የተጫወተ ኮርነርባክ ብዙውን ጊዜ ምንም ያደረገ አይመስልም፤ ኳርተርባኩ፣ ማለትም የአጥቂው ቡድን ኳስ ወርዋሪ፣ ወደ እርሱ ስለማይወረውር ስሙ አይጠራም፣ የቴሌቪዥን ካሜራም አያሳየውም።

ናምዲ አሶምዋ በ2006 ለኦክላንድ ሬይደርስ ሲጫወት 8 ኳሶች ነጠቀ። በ2007፣ በ2008 እና በ2009 ግን በየዓመቱ የነጠቀው አንዳንድ ኳስ ብቻ ነበር። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ተጫዋቹ ወረደ ብሎ ይፈርዳል። እውነታው ግን ተጋጣሚዎች ወደ እርሱ መወርወርን እየተዉ መምጣታቸው ነበር፤ በ2008 አንድ ኳስ ብቻ ነጥቆ እንኳ በኤንኤፍኤል፣ ማለትም በአሜሪካ ዋናው የፕሮፌሽናል ሊግ፣ ምርጥ ተብለው ከተመረጡት ሁለት ኮርነርባኮች አንዱ ሆኗል። እኚሁ ተጫዋች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ቡድን ሄደው ምን እንደገጠማቸው ወደ ታች እንመለስበታለን።

ይህ መመሪያ ጨዋታውን በቁም ነገር ለሚከታተል ተመልካች፣ ለወጣቶች ቡድን ረዳት አሰልጣኝ፣ እንዲሁም ልጃቸው በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዚህ ቦታ ለሚጫወትላቸው ወላጆች የተዘጋጀ ነው። መልስ የሚፈልገው ለሁለት ጥያቄዎች ነው፤ ተጫዋቹ ተሻሽሏል ወይ? ቡድኑ ለሚከተለው የመከላከል ሥርዓትስ ይስማማል ወይ? ሁለቱን ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ ተጫዋቹ በእርግጥ ተሻሽሎ ሳለ ሥርዓቱ ላይስማማው ይችላል፣ ወይም እርሱ ምንም ሳይለወጥ አሰልጣኙ ሥራውን ስላቀለለለት ብቻ የተሻሻለ ሊመስል ይችላል።

አንደኛ ደረጃ፦ የታዘዘውን ሥራ መለየት

ግምገማው የሚጀምረው ተጫዋቹን በማየት ሳይሆን አሰልጣኙ ምን እንዳዘዘው በማወቅ ነው። መሠረታዊዎቹ የሽፋን ዓይነቶች ሁለት ናቸው። በማን ቱ ማን ኮርነርባኩ የተመደበለትን ተቀባይ በሄደበት ሁሉ ይከተላል፤ በዞን ደግሞ የሜዳውን አንድ ክፍል ይጠብቃል፣ ወደዚያ ክፍል የገባውንም ይይዛል። ከእነዚህ የሚወጡት ስልቶች አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር ይጠራሉ። በከቨር 1 አንድ ሴፍቲ፣ ማለትም ከሁሉ ኋላ የሚቆመው ተከላካይ፣ ከኋላ መሃል ላይ ይቆምና ኮርነርባኮቹ የየራሳቸውን ሰው ይይዛሉ። በከቨር 2 ሁለት ሴፍቲዎች የኋላውን ሜዳ ለሁለት ይካፈሉታል፤ ኮርነርባኩ ተቀባዩን ገና ሲነሣ ገጭቶ ካዘገየው በኋላ በጎን መስመር አጠገብ ያለውን አጭር ቦታ ይጠብቃል፣ ኳስ ይዞ ወደ ጎን የሚወጣውን ሯጭም ከሁሉ ቀድሞ መጋፈጥ የእርሱ ፈንታ ነው። በከቨር 3 የኋላው ሜዳ ለሦስት ይከፈልና የግራና የቀኙ ሲሶ የኮርነርባኮቹ ይሆናል። በከቨር 4 ደግሞ ለአራት ይከፈላል፤ ይሁን እንጂ ተቀባዩ በቀጥታ ወደ ጥልቀት ከሮጠ ኮርነርባኩ ልክ እንደ ማን ቱ ማን አብሮት ስለሚሮጥ፣ ጀማሪ ተመልካች ሁለቱን በቀላሉ ያምታታቸዋል።

የትኛው ስልት እንደተጠራ ማንም ባይነግርዎትም ከቪዲዮው ብዙ ማንበብ ይቻላል። በመጀመሪያ ኳሱ ከመነሣቱ በፊትና ከተነሣ በኋላ ከኋላ የቆሙትን ሴፍቲዎች ይቁጠሩ፤ ጥሩ ቡድን ሁለት አሳይቶ ወደ አንድ ስለሚለወጥ ከተነሣ በኋላ ያለው ቁጥር ይበልጥ የታመነ ነው። ቀጥሎ የኮርነርባኩን ፊት ይመልከቱ። ጀርባውን ለጎን መስመሩ ሰጥቶ ወደ ኳርተርባኩ እያየ ወደ ኋላ የሚሸሽ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዞን ነው፤ ዓይኑን ከተቀባዩ ወገብ ላይ ሳይነቅል የሚከተል ከሆነ ማን ቱ ማን ነው። ሦስተኛው ምልክት ተቀባዩ ኳሱ ሳይነሣ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲያልፍ የሚታየው ነው፤ ተከላካዩ ሜዳውን አቋርጦ ከተከተለው ማን ቱ ማን የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው፣ ሌሎቹ ቦታ ብቻ ከተቀያየሩ ደግሞ ወደ ዞን ያመዝናል።

ይህን ደረጃ የዘለለ ገምጋሚ ጥፋትን ላላጠፋው ይሰጣል። ኮርነርባኩ ከተቀባዩ በውጭ በኩል ሆኖ የቆመው በውስጥ በኩል ሴፍቲ ወይም ላይንባከር (ከፊት መስመሩ ጀርባ የሚቆም ተከላካይ) ያግዘዋል ተብሎ ስለታዘዘ ሊሆን ይችላል፤ ያ አጋዥ በሰዓቱ ሳይደርስ ኳሱ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በቴሌቪዥን ላይ ከኋላ እየሮጠ የሚታየው ኮርነርባኩ ነው። እርግጠኛ ባልሆኑበት ሁሉ በመዝገብዎ ላይ የጥያቄ ምልክት ያድርጉ እንጂ አይፍረዱ። እግር ኳስ የለመደ አንባቢም አንድ ነገር ልብ ይበል፤ በዚህ ጨዋታ አጥቂውን ኦፍሳይድ ላይ ጥሎ መገላገል የሚባል ነገር የለም፣ ተቀባዩ አንዴ ከኋላው ካለፈ የሚያስቆመው የተከላካዩ እግር ወይም የጓደኛው እርዳታ ብቻ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ተገቢውን ቪዲዮ መምረጥ

የተለመደው የቴሌቪዥን ስርጭት ኳሱን ስለሚከተል ኮርነርባኩ ኳሱ ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ ብዙውን ጊዜ ከምስሉ ይወጣል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ከከፍታ ላይ ተቀርጾ 22ቱንም ተጫዋቾች በአንድ ላይ የሚያሳየው ኦል-22 የሚባለው ቪዲዮ ነው፤ የኤንኤፍኤል ጨዋታዎችን በዚህ መልክ በክፍያ ማግኘት ይቻላል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዘንድ ደግሞ ብዙ ቡድኖች የሚጠቀሙበት ሀድል የተባለው አገልግሎት ስላለ፣ ወላጅ አሰልጣኙን በትሕትና ቢጠይቅ ሙሉ ጨዋታውን ማየት የሚከለክለው አይኖርም።

የምርጥ ቅጽበቶች ቅንብር ለግምገማ አይረባም። በዚያ ውስጥ ያለው የተሳካው ብቻ ነውና። ሙሉ ጨዋታዎችን ይምረጡ፤ ከወቅቱ መጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት፣ ከወቅቱ መጨረሻም እንዲሁ፣ ከተቻለም ተመሳሳይ አቅም ባላቸው ተቀባዮች ላይ የተደረጉትን።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ከእግር እስከ ዓይን ማንበብ

በዚህ ደረጃ ቪዲዮውን እያቆሙና እየመለሱ ማየት የግድ ነው። የማየቱ ቅደም ተከተል ከታች ወደ ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ እግር አስቀድሞ፣ ከዚያ ዳሌ፣ ከዚያ እጅ፣ በመጨረሻም ዓይን።

አንድ ፕሌይ፣ ማለትም ኳሱ ከተነሣበት ዳኛው እስኪያፏጭ ያለውን አንድ ክፍል፣ በቅርበት እንመልከት። ሦስተኛ ዳውን ነው፣ ማለትም አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች ሦስተኛው፤ ገና 7 ያርድ ይፈልጋል (አንድ ያርድ 0.9 ሜትር ያህል ነው)። ኮርነርባኩ በተቀባዩ ፊት አንድ ያርድ ያህል ርቀት ላይ፣ ከመሃል ሰውነቱ ትንሽ ወደ ውስጥ አድልቶ ቆሟል፤ ይህ አቋቋም ፕሬስ ይባላል። ኳሱ ሲነሣ ተቀባዩ ትከሻውን ወደ ውስጥ ጣል አድርጎ በድንገት ወደ ውጭ ይፈተለካል። ደካማው ኮርነርባክ በዚህች ቅጽበት በትከሻው ማታለያ ተሸንፎ በሁለት እጁ ወደ ፊት ይንደረደራል፤ ክብደቱ በእግሩ ጣቶች ላይ ስለወደቀ መዞር አይችልም፣ ሁለት እርምጃም ይቀደማል። የሠለጠነው ግን ጉልበቱን ሸብረክ እንዳደረገ ግማሽ እርምጃ ያህል ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይንሸራተታል እንጂ አይቸኩልም፤ ተቀባዩ ቁርጡን ካሳወቀ በኋላ ዳሌውን ወደ ውጭ ይከፍታል፣ በአንድ እጁም ደረቱን ገፍቶ ወደ ጎን መስመሩ ያስጠጋዋል። የጎን መስመሩ ለኮርነርባክ እንደ ሁለተኛ ተከላካይ ነው፤ ተቀባዩ ወደዚያ በተጠጋ ቁጥር ኳርተርባኩ ኳሱን የሚያሳርፍበት ቦታ ይጠባል።

ፕሌዩ እዚህ ላይ አያበቃም፤ ከባዱ ክፍል ገና ነው። ሁለቱ 25 ያርድ ያህል ሮጠው ኳሱ አየር ላይ ሲሆን ኮርነርባኩ ዞር ብሎ ኳሱን ይፈልግ ወይስ አይፈልግ? በአሰልጣኞች ዘንድ የጸናው ትምህርት ይህ ነው፦ ከተቀባዩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኖ ሰውነቱን እየነካ ከሆነ ዞር ብሎ ኳሱን ይፈልግ፣ ምክንያቱም ተቀባዩ ወዴት እንደሚሄድ በአካሉ ይሰማዋል፤ ከኋላ ቀርቶ ከሆነ ግን ኳሱን ትቶ የተቀባዩን ዓይንና እጅ ይመልከት፣ እጁ ሲዘረጋም በመካከሉ ገብቶ ያስጥለው። ከኋላ ቀርቶ ሳለ የሚዞር ተጫዋች ፍጥነቱን ያጣል፤ አጠገቡ ሆኖ ሳለ የማይዞረው ደግሞ ሰውየውን ገጭቶ ቅጣት ያመጣል። ብዙ ፈጣን ወጣቶች የሚወድቁት በሩጫው ላይ ሳይሆን በዚህ ውሳኔ ላይ ነው፤ በእኔ ግምት የኮርነርባክን መብሰል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ቅጽበት የለም።

ከተቀባዩ 7 ወይም 8 ያርድ ርቆ የሚጀምረውን ኮርነርባክ ሲገመግሙ ጥያቄው ይለወጣል። ወደ ኋላ ሲሮጥ ጀርባው ቀጥ ብሎ ይነሣል ወይስ ዝቅ እንዳለ ይቆያል? ተቀባዩ ቆርጦ ሲመለስ ለማቆምና ወደ ፊት ለመፈትለክ ስንት እርምጃ ያባክናል? በአንድ ተከላ እግሩን መሬት ላይ ቸክሎ ወደ ፊት የሚወጣው ኳሱ ጋ ከተቀባዩ እኩል ይደርሳል፤ ሁለትና ሦስት ትንንሽ እርምጃ የሚረግጠው ኳሱ ከተያዘ በኋላ ደርሶ ይጥላል። ይህን ልዩነት ቪዲዮውን አዘግይቶ እርምጃዎቹን በመቁጠር ማረጋገጥ ይቻላል።

እጅን በሚመለከት ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በኤንኤፍኤል ከ1978 ጀምሮ ተከላካይ ተቀባዩን መግጨት የሚፈቀድለት ኳሱ ከተነሣበት መስመር እስከ 5 ያርድ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቅጣቱ 5 ያርድና በቀጥታ አዲስ የመጀመሪያ ዳውን ነው። የኮሌጅ ሕግ ይህ የ5 ያርድ ወሰን የለውም። ኳስ አየር ላይ ሳለ በተቀባዩ ላይ የሚፈጸመው ጥፋትም ቢሆን ቅጣቱ ይለያያል፤ በኮሌጅ ከ15 ያርድ አይበልጥም፣ በኤንኤፍኤል ግን ኳሱ ጥፋቱ ወደተፈጸመበት ቦታ ስለሚሄድ አንድ ስሕተት 40 ያርድ ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ የኮሌጅ ኮርነርባክን ለኤንኤፍኤል ሲመዝኑ ከ5 ያርድ በኋላ እጁን በተቀባዩ ላይ ያሳረፈባቸውን ፕሌዮች ሁሉ፣ ዳኛው ባይቀጣቸውም፣ ለብቻ ይመዝግቡ።

ዓይን በዞን ላይ ሁሉ ነገር ነው። ኮርነርባኩ ኳርተርባኩ ስንት እርምጃ ወደ ኋላ እንደሄደ ያነባል፤ ሦስት እርምጃ ብቻ ሄዶ ከቆመ ኳሱ አጭርና ፈጣን ነው፣ አምስት ወይም ሰባት ከሄደ ወደ ጥልቀት መሸሽ ይገባዋል። በአካባቢው ሁለት ተቀባዮች ሲመጡ፣ አንዱ በጥልቀት ሌላው በአጭሩ፣ የትኛውን እንደሚይዝና የትኛውን ለጓደኛው እንደሚያስተላልፍ ይመልከቱ። ይህን ያለ ድንጋጤ የሚያደርገው ተጫዋች ጨዋታውን ያነበበ ነው።

ስለ መጣል ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኳስ ይዞ የሚመጣውን ሯጭ ተጋፍጦ ይጥላል ወይስ ጓደኞቹ እስኪደርሱ ይጠብቃል? አሥር ፕሌይ ካዩ በኋላ መልሱ ይታወቃል።

አራተኛ ደረጃ፦ መሻሻልን መለካት

መሻሻልን ለመለካት ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ ጋር ማነጻጸር ግዴታ ነው። የወቅቱን መጀመሪያ የፕሬስ ፕሌዮች ከወቅቱ መጨረሻ የፕሬስ ፕሌዮች ጋር፣ የከቨር 3ቱን ከከቨር 3ቱ ጋር ያነጻጽሩ። ሁሉንም ደባልቀው አማካይ ካወጡ የሚለኩት የአሰልጣኙን ለውጥ እንጂ የተጫዋቹን አይደለም፤ በመስከረም ግማሹን ጊዜ ማን ቱ ማን የተጫወተ ቡድን በታኅሣሥ ወደ ዞን ካዘነበለ የኮርነርባኩ ቁጥሮች በራሳቸው ያምራሉ።

በእያንዳንዱ ፕሌይ የሚከተሉትን በአንድ መስመር ይጻፉ፦ ዳውኑና የሚቀረው ያርድ፣ የሽፋኑ ዓይነት፣ የተነሣበት ርቀት፣ ተቀባዩ የሮጠው መስመር፣ ኳሱ ከኳርተርባኩ እጅ ሲወጣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት፣ ውጤቱ። ከእነዚህ ሁሉ ዋናው ከመጨረሻው በፊት ያለው ነው። ኳሱ ወደ ሌላ ወገን ቢወረወር እንኳ ኮርነርባኩ በዚያች ቅጽበት ከሰውየው ጋር ነበር ወይስ ሦስት ያርድ ርቆ ነበር? በአንድ ጨዋታ ወደ አንድ ኮርነርባክ የሚወረወረው ኳስ በጣት የሚቆጠር ነው፤ በእነዚያ ብቻ መፍረድ በጣም ትንሽ ማስረጃ ላይ መቆም ነው። ያልተወረወረባቸውን ፕሌዮች ሲጨምሩ ግን ማስረጃዎ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

የተነጠቁ ኳሶችን ከመሻሻል ማስረጃነት ቢያወጧቸው እመክራለሁ። ትሬቮን ዲግስ በ2021 ለዳላስ ካውቦይስ 11 ኳሶች ነጥቆ ሊጉን መራ፤ በዚያው ወቅት አስቀድሞ ለመንጠቅ ሲዘል ያስመለጣቸው ረጃጅም ኳሶችም የክርክር ርዕስ ሆነው ነበር። በ2022 የነጠቀው 3 ነው። ከ11 ወደ 3 መውረዱ ብቻውን መጥፎ ዓመት መሆኑን አያሳይም፣ 11 መድረሱም ብቻውን ምሉዕ ተከላካይ መሆኑን አያረጋግጥም፤ የሚነጠቅ ኳስ የኳርተርባክ ስሕተትና የዕድል ድርሻ አለበትና። በእጁ ነክቶ ያጨናገፋቸው ኳሶች ይበልጥ የጸኑ መለኪያ ናቸው፣ እነርሱም ቢሆኑ ምን ያህል ጊዜ እንደተወረወረበት ሳይታወቅ ብቻቸውን አይነበቡም።

ሌላው የሚያሳስተው ነገር የፊት መስመሩ ነው። ኳርተርባኩን የሚያሳድዱት ተከላካዮች ከበረቱ ኳሱ ቶሎ ይወጣል፣ ኮርነርባኩም ለረጅም ጊዜ መሸፈን አይጠበቅበትም። ስለዚህ የሰዓት መቁጠሪያ ይዘው ኳሱ ከተነሣ እስኪወረወር ያለውን ጊዜ ይለኩና ፕሌዮቹን ከ2.5 ሰከንድ በታችና በላይ ብለው ይክፈሏቸው። በረጅሞቹ ላይ መሻሻል ከታየ የተጫዋቹ ነው ማለት ይቻላል፤ መሻሻሉ የረጅሞቹ ቁጥር ስለቀነሰ ብቻ የመጣ ከሆነ ግን ምስጋናው ለፊት መስመሩ ይገባል።

የመሻሻል ዓይነቶችም እኩል ዋጋ የላቸውም። በሰውነት መፈርጠምና በፍጥነት የሚመጣው በአንድ ክረምት ልምምድ ሊገኝ ይችላል፤ የእግርና የእጅ አሠራር ለውጥ ወራት ይወስዳል፣ ሲደክመው ወይም አራተኛው ሩብ ላይ ሲጨነቅ ወደ አሮጌው ልማዱ መመለሱን መመርመር ያስፈልጋል። የማንበብ መሻሻል ከሁሉ የሚዘገየውና ከሁሉ የሚጸናው ነው። ምልክቱም ቀላል ነው፤ በአንድ ማታለያ የተሸወደ ኮርነርባክ ከሳምንታት በኋላ ያው ማታለያ ሲመጣበት ምን ያደርጋል? በዝግጅት ክፍል የሠራው ሥራ የሚታየው በዚያ ፕሌይ ነው።

አምስተኛ ደረጃ፦ ከሥርዓቱ ጋር ማመሳከር

እዚህ ላይ ጥያቄው ምን ያህል ጎበዝ ነው ከሚለው ወጥቶ በምን ሥራ ላይ ጎበዝ ነው ወደሚለው ይሻገራል። ሦስት የታወቁ ኮርነርባኮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ልዩነቱን ያሳያል።

ዳሬል ሪቪስ በ2009 በሬክስ ራያን አሰልጣኝነት ለኒው ዮርክ ጄትስ ሲጫወት የተጋጣሚን ምርጥ ተቀባይ በሜዳው ሁሉ እየተከተለ ማን ቱ ማን ይይዝ ነበር፤ በዚያ ወቅት 31 ኳሶች አጨናገፈ፣ 6 ነጠቀ። እርሱ አንዱን ሰው ብቻውን ስለሚይዝ አሰልጣኙ የተረፉትን ተከላካዮች ኳርተርባኩ ላይ መላክ ቻለ። ሪቻርድ ሸርማን ደግሞ በ2011 በኤንኤፍኤል የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በአምስተኛው ዙር፣ በ154ኛ ተራ በሲያትል ሲሆክስ ሲመረጥ፣ በኮሌጅ አስቀድሞ ኳስ ተቀባይ የነበረ፣ ቁመቱ 6 ጫማ ከ3 ኢንች የሆነ ረጅም ልጅ ነበር። የሲያትል ሥርዓት በከቨር 3 ላይ የተመሠረተ ስለነበር ረጅም ክንድ፣ ኳስን እንደ ተቀባይ የማንበብ ችሎታና በግራው ወገን ጸንቶ መቆም በቂው ነበር፤ በ2013 በ8 ኳሶች ሊጉን መራ። ሮንዴ ባርበር ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ከ1997 እስከ 2012 በታምፓ ቤይ በከኒርስ ብቻ የተጫወተው ይህ ሰው 47 ኳሶች ከመንጠቁ ሌላ ኳርተርባክን 28 ጊዜ ከነኳሱ ጥሏል። በከቨር 2 የታወቀው ያ ቡድን ከኮርነርባኩ የሚፈልገው መጋፈጥ፣ መጣልና በአጭሩ ቦታ ላይ ፈጥኖ መወሰን ነበርና ቁመቱ አጭር መሆኑ አልጎዳውም። ሦስቱን ቢያቀያይሯቸው ሦስቱም ታላቅ ሆነው ይቀጥሉ ነበር ብሎ የሚምል ያለ አይመስለኝም።

ወደ አሶምዋ እንመለስ። በኦክላንድ ሥራው የተለየ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ቆሞ በፕሬስ ማን ቱ ማን ይጫወታል። በ2011 ፊላደልፊያ ኢግልስ በ5 ዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር ውል ወሰደው። እዚያ ሲደርስ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረና በዞን ውስጥ ብዙ እያነበበ እንዲጫወት ተጠየቀ። የመከላከል አሰልጣኙ ከዚያ በፊት በቡድኑ ውስጥ የአጥቂ መስመር አሠልጣኝ የነበረ ሰው ነበር፤ በሌላው ወገን የተሰለፈው አሳንቴ ሳሙኤል ደግሞ ከተቀባዩ ርቆ ኳርተርባኩን እያነበበ መጫወት የሚወድ፣ ማለትም ከአሶምዋ ጠባይ ፍጹም የተለየ ኮርነርባክ ነበር። ቡድኑ በ2011 ከ16 ጨዋታ 8ቱን፣ በ2012 ደግሞ 4ቱን ብቻ አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ተሰናበተ። ብዙዎች ጥፋቱን ሁሉ በሥርዓቱ ላይ ያደርጋሉ። እኔ ግን ዕድሜውም ሊዘነጋ አይገባም ባይ ነኝ፤ ሲፈርም 30 ዓመቱ ነበር፣ በፕሬስ የሚኖር ኮርነርባክም ትንሽ ፍጥነት ሲቀንስ መሸሸጊያ የለውም። ተስማሚነትን ሲመዝኑ ይህን መጨመር አይርሱ፤ ሥርዓቱ የሚጠይቀው ነገር ለተጫዋቹ ዛሬ ብቻ ሳይሆን ውሉ እስከሚያልቅ ድረስ ይኖረዋል ወይ?

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። የቡድኑን የቅርብ ሦስት ጨዋታዎች ወስደው የኮርነርባክን ሥራ ብቻ እየቆጠሩ በመቶኛ ይክፈሉት፤ ለምሳሌ ያህል ከመቶው 45 በከቨር 3 ሲሶ መጠበቅ፣ 30 ማን ቱ ማን፣ 25 በከቨር 4 ቢሆን። ከዚያ ተጫዋቹ በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ያገኘውን ከአራተኛው ደረጃ መዝገብ ያምጡና በዚያው መጠን ይመዝኑት። በዚህ ስሌት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ሦስተኛ ዳውን ላይ ያሉ ፕሌዮች በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም ጨዋታን የሚወስኑት እነርሱ ናቸው፤ ብዙ ቡድኖችም ማን ቱ ማን የሚያበዙት በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ዳውንን ለብቻ ይቁጠሩ። በአጠቃላይ ቁጥሩ ተስማሚ የሚመስል የዞን ኮርነርባክ ሦስተኛ ዳውን ላይ የቡድኑ ቀዳዳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ቦታውም ይመርመር። በኤንኤፍኤል ቡድኖች ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ አምስት የኋላ ተከላካዮችን ያሰልፋሉ፤ አምስተኛው ብዙውን ጊዜ በውስጥ በኩል የቆመውን ተቀባይ ይይዛል። በዚያ ቦታ የጎን መስመሩ እርዳታ የለም፣ ተቀባዩ ወደ ግራም ወደ ቀኝም መሄድ ይችላል፣ የሩጫ ጨዋታም በቀጥታ ይመጣል፤ ስለዚህ በጠርዝ የተዋጣለት ረጅም ኮርነርባክ እዚያ ሊቸገር፣ በጠርዝ ያልሆነለት አጭርና ቀልጣፋ ልጅ ደግሞ ሊያብብ ይችላል። ከኮሌጅ የሚመጣ ሲሆን የሜዳው መስመሮችም ልዩነት አለ፤ ኳሱ የሚነሣባቸው ሁለቱ የውስጥ መስመሮች በኤንኤፍኤል የሚራራቁት 18 ጫማ ከ6 ኢንች ሲሆን በኮሌጅ 40 ጫማ ነው፤ ስለዚህ በኮሌጅ ኳሱ ከአንዱ መስመር ሲነሣ የሜዳው አንዱ ወገን በጣም ጠባብ፣ ሌላው በጣም ሰፊ ይሆናል። በኮሌጅ በጠባቡ ወገን ብቻ የተጫወተ ኮርነርባክ ሰፊ ሜዳ ሲሰጠው እንዴት እንደሚሆን የሚያሳዩ ፕሌዮችን ፈልጎ ማግኘት ተገቢ ነው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ውጤቱን መጻፍ

ሪፖርቱ ረጅም መሆን የለበትም። በመጀመሪያ ተጫዋቹ ዛሬ ያለ እርዳታ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ይጻፉ፤ ቀጥሎ ከባለፈው ግምገማ ወዲህ የተለወጠውን፣ ለእያንዳንዱ ለውጥ ቢያንስ ሦስት ፕሌዮችን በሰዓታቸው እየጠቀሱ፤ በመጨረሻም በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚሰጠውን ቦታና የማይሰጠውን ሥራ። ጎበዝ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ልበ ሙሉ ነው የሚሉ ቃላት ማስረጃ ካልተከተላቸው ይሰረዙ።

የጥያቄ ምልክት ያደረጉባቸውን ፕሌዮች በዚህ ጊዜ ይቁጠሩ። ከጠቅላላው ሲሶውን ያህል ከሆኑ ፍርድ ለመስጠት ጊዜው ገና ነው፤ አሰልጣኙን ማግኘት የሚችሉ ከሆነ እነዚያን ፕሌዮች ብቻ ይዘው ይጠይቁ። ልጄ ለምን አይሰለፍም ብሎ ከመጀመር ይልቅ፣ በዚህ ፕሌይ ላይ ሥራው ምን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ረጅም መልስ ያገኛል። ለኮሌጅ የሚላክ ቪዲዮ የሚያዘጋጁም ከተነጠቁት ኳሶች ጎን ሳይወረወርበት በጥሩ ሁኔታ የሸፈናቸውን ጥቂት ፕሌዮችና ሯጭ የጣለባቸውን ያስገቡ፤ መልማዩ ማየት የሚፈልገው እነርሱንም ነው።

ግምገማው በወቅቱ አጋማሽና በመጨረሻው ይደገም። የመከላከል አሰልጣኙ ከተቀየረ ግን የመቶኛ ክፍፍሉ ከእንግዲህ አይሠራም፤ ስለ ተጫዋቹ እግር፣ ዳሌ፣ እጅና ዓይን የጻፉትን አስቀምጠው፣ አዲሱ አሰልጣኝ ሦስት ጨዋታ ካደረገ በኋላ የኮርነርባኩን ሥራዎች እንደገና ከመጀመሪያው ይቁጠሩ።